ጨመሩበት ወይስ ቀነሱበት? ስለ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ»

በድሮ ዘመን ታሪክ ላይ የተሠራ ፊልም ስለ ሴቶች መብት አንዲት ቃል በተናገረ ቁጥር፣ «ይህ የዛሬ ሰዎች አሳብ ነው፤ የጥንት ቀሚስ አልብሰው አመጡብን» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን አነጋገር ከሥራ ጓደኞቼ ደጋግሜ ስለ ሰማሁት፣ ዝም ብዬ ባልፈው የተስማማሁ እንዳይመስል በማለት ይህችን ጽሑፍ ለአንባብያን አቀርባለሁ። ክርክሩን ያስነሣው የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. በ1996 ዓ.ም. በሦስት ክፍል አዘጋጅቶ በቴሌቪዥን ያሳየው «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» የተባለው ድራማ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላላየው ሰው ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሔለን የተባለች ወይዘሮ ስሟን ለውጣ፣ ትንሽ ልጇን ይዛ፣ ከአንድ ያረጀ ቤት መጥታ ትቀመጣለች፤ ሥዕል እየሣለች በመሸጥም ትተዳደራለች። የመንደሩ ሰው ባሏ የሞተባት መስሎት ይቀበላታል፤ ሳይቆይም በሐሜት ያነሣታል። እውነቱ ግን ባሏ በሕይወት አለ፤ በስካርና በሴሰኝነት ስላስመረራት ከቤቱ ጠፍታ የወጣች ናት። ሔለንን ታራ ፊትዝጄራልድ፣ ባሏን አርተር ሐንቲንግደንን ሩፐርት ግሬቭስ ሆነው ይጫወታሉ። የግሬቭስ አጨዋወት በተለይ ያስመሰግነዋል፤ ልጅቱ እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ምን እንደ ወደደችው ማንም ሳያስረዳን ይገባናልና።

«የዛሬ አሳብ ነው» የሚሉት ሰዎች መጽሐፉን የገለጡት አይመስለኝም። አን ብሮንቴ አክተን ቤል በሚል የብዕር ስም ልብ ወለዱን ያሳተመችው በ1848 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ነውረኛ ነው ብለው ተቺዎች በጮኹ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛ እትም መቅድም ላይ መልስ ሰጠች። የመልሷም ፍሬ ነገር፣ ደራሲ እውነቱን መናገር ይገባዋል፤ መጽሐፉም መልካም ከሆነ ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት ማንንም አያገባውም የሚል ነበረ። በተከታዩ ዓመት በ29 ዓመቷ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ታላቅ እኅቷ ሻርሎት የነገሩ አመራረጥ ስሕተት ነበረ ብላ ጻፈች፤ መጽሐፉም ዳግመኛ እንዲታተም አልወደደችም። በ1854 ዓ.ም. ሌላ አሳታሚ ሲያወጣው ደግሞ ከመክፈቻው ጀምሮ ብዙ ቦታ ተቆርጦ ወጣ፤ ይኸው የተቆራረጠ ጽሑፍም ለረጅም ዘመን እየታተመ ኖረ። እንግዲህ ጨመሩበት የምትሉ ወዳጆቼ፣ ታሪክ የሚመሰክረው የቀነሱበትን ነው።

ደግሞም ደራሲዋ የአገሯን ሕግ አሳምራ ታውቅ ነበር። ሔለን በምትኖርበት በ1820ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የባሏ ነበረ፤ ስለዚህ ሥዕል ሸጣ የተቀበለችው ዋጋ እንኳ በሕግ ፊት የእርሷ አልነበረም። ልጁም የአባቱ ነበረ። እናት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጇ እንዲሰጣት ለዳኛ ማመልከት የተፈቀደላት በ1839 ዓ.ም. ነው። የድካሟን ዋጋ ለራሷ እንድትይዝ የተፈቀደላት በ1870፣ በንብረቷም ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ባለመብት የሆነችው በ1882 ዓ.ም. ነው። ስሟን መለወጧ እንግዲህ የልብ ወለድ ጌጥ አይደለም፤ ብትያዝ ሕጉ ለባሏ ይፈርድለት ነበረ። ባልዮውም ይህን ያውቃል፤ የግል ማስታወሻዋን አንብቦ ለመጥፋት ማሰቧን በደረሰበት ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቁልፎቿን መንጠቅና የሥዕል ዕቃዋን እሳት ውስጥ መጣል ነው። ብሩሹ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዛሬዎቹ ተቺዎች ይልቅ እርሱ ገብቶታል።

ሌሎች ደግሞ «ሚስቶችን ከቤት መውጣት ታስተምራለች» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ስንት ዓመት እንደ ታገሠች አልቆጠሩም። የወጣችው ስለ ራሷ ብቻ አይደለም፤ አባትዮውና ወዳጆቹ ገና በእግሩ የሚድሀውን ያህል ትንሽ የሆነውን ልጅ ወይን እያጠጡና ስድብ እያስተማሩ ሲስቁ ስላየች ነው። በኋላም ልጁ መጠጥ እንዲጸየፍ ብላ ከወይኑ ጋር የሚያስመልስ መድኃኒት ትቀላቅልበታለች። (ነገሩ ጭካኔ አይባልም ወይ? ይባላል፤ ግን አማራጩን ታመለክቱን።) በመንደሩ ሰዎች ፊት የምታነሣውን ክርክር በተለይ መምህራን ደግመው ቢያነቡት እወዳለሁ። ሴት ልጅን ከፈተና በአጥር እየከለልን፣ ወንዱን ወድቆ ይማር ብለን የምንለቀው በምን ምክንያት ነው ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ለሴቶች ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ስለ ወንዶች ልጆች አስተዳደግ ነው።

ድራማው ጉድለት የለበትም አልልም። ሔለን በመጽሐፉ ውስጥ አጥብቃ ሃይማኖተኛ ናት፤ እምቢታዋም ከዚያ ይመነጫል፤ በድራማው ግን ይህ የሳሳ ይመስለኛል።

በመጨረሻም ከሌላ ወገን የሚመጣ ወቀሳ አለ፤ ባሏ በታመመ ጊዜ ተመልሳ ስላስታመመችው ተሸነፈች ይሏታል። እኔ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና እነርሱ ያለፉትን አንድ ነገር አላለፍሁትም። ሔለን ልጁን ለአባቱ ከማሳየቷ በፊት፣ የልጁ ጥበቃ የእርሷ እንዲሆን ባሏን በምስክር ፊት ወረቀት ታስፈርመዋለች። በዚያን ዘመን አባት በልጁ ላይ ያለውን መብት በውል አሳልፎ ቢሰጥ ፍርድ ቤት አይቀበለውም ነበር፤ እንዲህ ያለ ውል ተቀባይነት ያገኘው በ1873 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። ወረቀቱ ዋጋ ቢኖረውም ባይኖረውም እርሷ ሳታስፈርመው ልጁን አላሳየችውም።