የመንጃ ፈቃድ ኮፒና የለውዝ መጠቅለያ

ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ከአንዲት ልጅ የገዛሁት ለውዝ በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት፤ የአንድ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ኮፒ ነው። ፎቶው፣ ሙሉ ስሙ፣ ከሥር በእስክሪብቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥሩ። ሰውየው ይህን ጊዜ የጋላፊን ድንበር ተሻግሮ ይሆናል፤ ማንነቱ ግን ሞጆ ላይ ለውዝ ይሸጥበታል።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ወረቀቱ ከሆነ ቢሮ መደርደሪያ ተጠርጎ የወጣ ነው። በመልቲሞዳል ትራንስፖርት ከጅቡቲ የሚገባው ኮንቴይነር አብዛኛው በሚራገፍባት በዚች ከተማ፣ ከኮንቴይነሩ እኩል የሚከመረው የሰው መታወቂያ ኮፒ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሳነሳ ከነጋዴው የምሰማው ሁለት መልስ ነው። አንዱ «እሱ ለባንክና ለቴሌ ነው» ይላል። ተሳስቷል፤ የደንበኛና የሠራተኛ መረጃ መዝግቦ የያዘ ድርጅት፣ አራት ሠራተኛ ያለው የትራንዚተር ቢሮም ቢሆን፣ አይመለከተኝም ማለት አይችልም። ሁለተኛው ብልህ ይመስላል፦ «ሕጉ ገና ይለዋወጣል። መመሪያው ይውጣና እናያለን፤ እስከዚያው የስምምነት ፎርም እናስፈርማለን።»

እኔ የምጣላው ከዚህኛው ጋር ነው። አዋጁ ስምምነት በነፃ ፈቃድ የተሰጠ ይሁን ይላል። ጭነት ሊያወጣ በመስኮት የተሰለፈ ሹፌር «አልፈርምም» ቢል የሚቆመው መኪናው ነው። ታዲያ ይህ ምን ነፃ ፈቃድ አለው? ፎርሙስ ራሱ ሌላ ስም፣ ሌላ ስልክ፣ ሌላ ፊርማ የተጻፈበት ወረቀት አይደለም? ነገ እሱም ለውዝ ይጠቀለልበታል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የሕጉ ሥር ፎርም ሳይሆን ልክ ነው፦ ለታወቀ ዓላማ ብቻ ሰብስብ፣ ከሚያስፈልግህ በላይ አትውሰድ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ አጥፋ። መመሪያ ሲለዋወጥ የምዝገባው ሥርዓት ወይም ቅጹ ይለወጥ ይሆናል፤ ይህ ሥር ግን አይነቀልም። በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ሕብረት ደንብም፣ የኬንያ የ2019ኙ ሕግም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ጥቂት መረጃ የያዘ ሰው፣ ሕግ በተለወጠ ቁጥር አይደነግጥም።

«ጉምሩክ ሰነድ አስቀምጡ ይለናል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ ዲክላራሲዮኑ፣ ኢንቮይሱ፣ ውክልናው በሕግ የሚያዙ ናቸው፤ ይያዙ። የሹፌሩን ረዳት መታወቂያ ፊትና ጀርባ ኮፒ አንሥታችሁ ያዙ ያለው የትኛው ሕግ ነው? የሹፌሩን መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሊብሬ በስልክ አንሥታችሁ፣ ከዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ ዛሬም ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቁስ ያለው?

መመሪያ ሳይጠበቅ ሰኞ ጠዋት የሚጀመር ሥራ አለ። መደርደሪያው ፊት ቆሞ በየክላሰሩ «ይህን ለምን ያዝኩት?» ማለት፤ መልስ ያጣውን ቀዶ ማስወገድ። መንጃ ፈቃድ አይቶ ቁጥሩን መዝግቦ ለባለቤቱ መመለስ። የለቀቀ ሠራተኛን በዕለቱ ከግሩፑ ማስወጣት። የት ምን እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው መመደብ። መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የያዘውን የማያውቅ የጠፋበትን በሦስት ቀን ከየት ያውቃል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ወቀሳው ለነጋዴው ብቻ አይደለም። «ኦሪጅናልና ኮፒ» የሚለውን ያስተማረን የመንግሥት መስኮት ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ወጥቶ፣ ፋይዳ የተባለው ይኸው መታወቂያ ማንነትን በሥርዓት ማረጋገጥ እያስቻለ፣ የፋይዳን ካርድ ራሱን ኮፒ አምጡ የሚል ቢሮ ስናይ ከነጋዴው ምን እንጠብቃለን?

ያን ወረቀት ቀዳድጄ ጣልኩት። ሹፌሩ ኮፒውን የሰጠው ፈርሞ ይሁን ሳይፈርም አላውቅም፤ ቢፈርምም አላዳነውም። መጀመሪያውኑ ኮፒ ባይነሣ ኖሮ ግን ልጅቷ ለለውዟ ሌላ ወረቀት ትፈልግ ነበር።