ስድቡ የሚያርፈው በእናት ላይ ነው



ስፖርት የሜዳ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ ከቤታችን ገብቶ፣ ከማዕዳችን ቀርቦ፣ ከልጆቻችን ጋር አብሮ ያድጋል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከፈተናው ውጤት አስቀድሞ የሚነግረን የቡድኑን ውጤት ነው። እዚህ በሐረር ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ በጀጎል ጠባብ መንገዶች የሚያልፍ ሰው ኳስ ከሚታይባቸው ቤቶች የሚወጣውን ጩኸት ሳይሰማ አይቀርም። የአርሴናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን ማልያ ያጠለቁ ሕፃናት በየበሩ ቆመው በትልልቆቹ ትከሻ መካከል አሾልከው ያያሉ። በዚህ የምንከፋበት ምክንያት የለም። እኔም ብሆን ጨዋታ የምወድ፣ የአገሬ ልጆች በሚሮጡበት ሰዓት ሥራዬን አስቀምጬ የምመለከት ደጋፊ ነኝ።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ልጆቻችን ከጨዋታው ጋር አብረው ስለሚማሩት ነገር ነው። ዳኛ ሲሳሳት፣ ተጫዋች ጎል ሲስት፣ ከተመልካቹ አፍ የሚወጣው ስድብ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በእናት ላይ ነው። ያቺ እናት ከሜዳው የለችም። ፊሽካ አልነፋችም፤ ኳስም አልሳተችም። ምናልባት በዚያች ሰዓት እንጀራ እየጋገረች፣ ወይም ከሥራ ፈረቃዋ እየተመለሰች ይሆናል። ልጇ ግን ባጠፋ ቁጥር የምትሰደበው እርሷ ናት።

አንዲት የጀጎል ነዋሪ የሆኑ እናት በቅርቡ ያጫወቱኝን ላካፍላችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ከጎረቤት ልጅ ጋር ኳስ ሲጫወት ይጣላል። በንዴቱም የጓደኛውን እናት አንስቶ የማይባል ነገር ይናገራል። ነገሩ ከሁለቱም ቤት ደረሰ። የተሰደቡት እናት የቡና ጎረቤታቸው ናቸው። ልጁ ሲወለድ ገንፎ ያገነፉ፣ እናቱ ሥራ በዋሉ ቁጥር አብልተው ያስተኙት እኒሁ ሴት ናቸው። ሁለቱ እናቶች ለሁለት ሳምንት ቡና ሳይጠራሩ ቆዩ። «ልጄን ስጠይቀው ትርጉሙን እንኳ አያውቀውም» አሉኝ እናቲቱ። «ኳስ ቤት ትልልቆቹ ሲሉት ሰምቼ ነው አለኝ።»

እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ትልቁ ሰው በስሜት ተናግሮት የረሳው ቃል በሕፃኑ አፍ ተመልሶ ሁለት ቤት ያቃቅራል።

ይህ ችግር የሐረር ብቻ፣ የአገራችንም ብቻ አይደለም። ሐምሌ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. በርሊን ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፈረንሣዊው ዚነዲን ዚዳን የጣልያኑን ተጫዋች ማርኮ ማቴራዚን በግንባሩ ደረቱን መትቶ በቀይ ካርድ መውጣቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለዚዳን የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። ፈረንሣይም በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፋ ዋንጫውን አጣች። የጠቡ መነሻ ምን ነበር ቢባል፣ ማቴራዚ ራሱ በኋላ እንደገለጸው፣ የዚዳንን እኅት የሚነካ ቃል ነው። ከሜዳው የሌለች ሴት ተሰድባ፣ ከሜዳው ያለው ወንድ ተማቶ፣ ዓለም በሙሉ ተመለከተ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዚዳን በቴሌቪዥን ቀርቦ ድርጊቱን ያዩትን ሕፃናት ይቅርታ ጠይቋል። ይሁን እንጂ ባደረገው እንደማይጸጸት ጨምሮ ተናገረ። እኔ በበኩሌ ይቅርታውን አከብራለሁ። ያንን ያህል ኳስ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሕፃን እንዳለ ትዝ ብሎታል። የቀረው ንግግሩ ግን ለሕፃኑ የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ «የእኅትህን ክብር የምታስመልሰው በመማታት ነው» የሚል ነው። የእኅት ክብር ግን በግንባር ምት አይመለስም። መጀመሪያውኑ ስሟ ሜዳ ላይ ባይነሣ ነበር የሚከበረው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነበር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው። ከዚያም ቀደም ሲል ሐረር በዚሁ ድርጅት የሰላም ከተሞች ሽልማት ተሰጥቷታል። ልዩ ልዩ እምነትና ቋንቋ ያላቸው ሰዎች በአንድ ግንብ ውስጥ ተከባብረው በመኖራቸው የተመሰገነች ከተማ ልጆቿ በኳስ ምክንያት የጎረቤት እናት ሲሳደቡ ዝም ብላ ልታይ አይገባትም።

አንዳንድ ደጋፊዎች ይህንን ስናነሣ «ስሜት ነው፤ ኳስ ያለ ጩኸት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ ጩኸት ይኑር። ጭብጨባና ዘፈን ይኑር። ዳኛው ተሳስቷል ብሎ መከራከርም የጨዋታው ወግ ነው። እኛ አይሁን የምንለው ክርክሩ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬውም ወደ እናቱ፣ ወደ ዘሩና ወደ እምነቱ ሲሻገር ነው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታ ላይ አንድ ዳኛ ሜዳ ውስጥ ተደብድቦ ውድድሩ እስከ መቋረጥ መድረሱን አንዘንጋ። ዱላው ከመሰንዘሩ በፊት አፍ መንገዱን ጠርጎለታል።

ተቃውሞንና ስድብን ለይቶ ማየት የሚቻል መሆኑን ከራሳችን ታሪክ እንማራለን። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድነት አሰልፋ ለመምጣት ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ቀረች። የተሳተፉት ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ብቻ ነበሩ። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም የዘር መድልዎውን ሥርዓት በስፖርቱ ዓለም አጥብቀው ሲታገሉ ኖረዋል። ትግሉ በስብሰባ፣ በደንብና በድምፅ ነበር።

የዚህ ትግል ሌላው ገጽታ በባርሴሎና ኦሎምፒክ ታየ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በተደረገው የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ የሃያ ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ ለረጅም ጊዜ ስትከተላት የቆየችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ሜየርን በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች። ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድማ ገብታ በኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ ሲሆን፣ በአገሪቱ ሁሉም ዜጋ የመረጠበት ምርጫ ገና አልተደረገም ነበር። ሜየር ነጭ ናት። ደራርቱ ግን ከመስመሩ ማዶ ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ሥርዓቱን መቃወም ሌላ፣ ሯጯን መናቅ ሌላ መሆኑን ያቺ የበቆጂ ልጅ ያለ ንግግር አስረዳችን።

ከ17 ዓመት በኋላም ጠባይዋ አልተለወጠም። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን፣ በ37 ዓመቷ፣ የልጆች እናት ሆና ስትሮጥ፣ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ በሕመም ወደኋላ መቅረት ስትጀምር፣ ደራርቱ ዞር እያለች አይዞሽ፣ በርቺ ስትላት ታይታለች። ራድክሊፍ አራተኛ ስትወጣ ደራርቱ አሸነፈች። ለተፎካካሪ ማዘን ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያዘነ ሰው ይሸነፋል የሚለው የኳስ ቤት ወሬ ከእውነት የራቀ መሆኑን ለልጆቻችሁ ልታስረዱበት ትችላላችሁ።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን መጨረሻ ላይ ሲፋን ሐሰንና ትዕግሥት አሰፋ ጎን ለጎን ሲሮጡ መነካካታቸውን አይታችኋል። ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ለኔዘርላንድስ ወሰደች፤ ትዕግሥት ብሩን አገኘች። የእኛ ቡድን ተቃውሞ አቀረበ፤ ተቃውሞው ታይቶ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። እኔም እንደ ደጋፊ አንጀቴ በግኗል፤ ያ ክርን እንዳላስደሰተኝ አልሸሽግም። ይሁንና ከዚያ በኋላ በየቡናው የሰማነው ስለ ክርኑ ብቻ አልነበረም። ስለ ትውልዷ፣ አገር ስለ መልቀቋና ስለ ወላጆቿ ጭምር ነበር። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት የወጣች ናት። ዛሬ ስንቶቻችን ነን ልጃችን፣ እኅታችን በሰው አገር ያለች? የሰደድናትን ልጅ አገር ቀይራ ሮጠች ብለን ስንሰድብ፣ የገዛ ልጃችን አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል። ተቃውሞ በደንቡ መሠረት ቀረበ፤ ውሳኔ ተሰጠ። ልጅ ሊማር የሚገባው ይህንን መንገድ ነው፦ በደል ደረሰብኝ ካልክ በሥርዓቱ አመልክት፤ ከተፈረደብህ ደግሞ ለሚቀጥለው ውድድር ተዘጋጅ።

አንዳንዶች ደግሞ «እነዚህ ስፖርተኞች ብዙ ገንዘብ እየተከፈላቸው ለልጆቻችን ጥሩ አርአያ አይሆኑም» ብለው ያማርራሉ። ጥሩ አርአያ ቢሆኑ እሰየው ነው። ሳይነኩት ወድቆ የሚንፈራገጥ፣ ዳኛ የሚከብብ፣ ጎል አግብቶ በተጋጣሚው ላይ የሚሳለቅ ተጫዋች ሊወቀስ ይገባል። ሆኖም ሯጭ የሚከፈለው ለመሮጥ፣ ኳስ ተጫዋችም ለመጫወት ነው። ልጆቻችንን እንዲያሳድጉልን አልቀጠርናቸውም። ሕፃኑ ተጫዋቹን የሚያየው በሳምንት ለሁለት ሰዓት ነው። እኛን ግን ቀኑን ሙሉ ያየናል።

የሐረሪን ባህላዊ ቤት የምታውቁ ሁሉ ነደባ የሚባሉትን የመቀመጫ መደቦች ታስታውሳላችሁ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ አሚር ነደባ ላይ የቤቱ አባወራ ይቀመጣል፤ ሌላውም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታ አለው። ልጅ ገና ድክድክ ሲል ቦታውን በማየት ብቻ ማክበርን ይማራል። ዛሬ ከነደባው ፊት ለፊት ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ቦታው እንደ ጥንቱ ሆኖ፣ ከአሚር ነደባው ላይ የሚወርደው ቃል ስድብ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ከቦታው ሳይሆን ከቃሉ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ እናቶችና አባቶች፣ በየቤታችን ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች ላሳስብ።

አንደኛ፣ ጨዋታ በሚታይበት ክፍል ውስጥ የማንም እናት ስም በክፉ እንዳይነሣ ደንብ እናውጣ። ደንቡ ከአባትየው ይጀምር፤ አባት ካልጠበቀው ልጅ አይጠብቀውም። እኛ ሴቶችም «ምን ይደረግ፣ ወንዶች ናቸው» ብለን ቡናችንን ይዘን ወደ ጓዳ መግባቱን እንተው። የሚሰደበው የእኛው ስም ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆች በየሰፈሩ ሲጫወቱ በየተራ ዳኛ እንዲሆኑ እናድርግ። አንድ ቀን ፊሽካ ይዞ የዋለ፣ ጓደኞቹ የጮኹበት ልጅ የዳኛን ችግር ያውቃል። በሚቀጥለው ቀን ምላሱን ይሰበስባል።

ሦስተኛ፣ ሴቶች ልጆቻችንን ከጨዋታው አንከልክል። ይዩ፣ ይጫወቱ፣ ይሩጡ። እኅቱ አብራው ኳስ የምትመታ ወንድ ልጅ የሴትን ስም ለስድብ ለማንሣት አፉ ቶሎ አይታዘዝለትም።

አራተኛ፣ ልጆቻችን ኳስ የሚያዩባቸውን ቤቶች ባለቤቶች እናነጋግር። በአብዛኛው የምናውቃቸው፣ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ተሳዳቢውን «ወንድሜ፣ ሕፃናት አሉ» ብሎ ማስቆም ገበያ አያጠፋባቸውም፤ እንዲያውም ወላጅ አምኖ ልጁን ይልክላቸዋል። ጉዳዩ በእድርና በሴቶች አፎቻም ቢነሣ መልካም ነው። ሠርግና ሐዘንን ተባብሮ የሚወጣ ማኅበር የእናቶችን ስም ማስከበር አያቅተውም።

አምስተኛ፣ ልጅ ሲሳደብ ከመምታታችን በፊት ትርጉሙን እንጠይቀው። ካላወቀ እንንገረው፤ የተሰደበችው ሴት ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳደረገችለት እናስታውሰው። ከዚያም በእግሩ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ።

ከላይ ያነሣኋቸው እናት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልጃቸውን ይዘው ከጎረቤታቸው በር ሄዱ። ልጁ ከበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ጎረቤቲቱም ብዙ አላስጨነቁትም፤ «ግባ፤ እራትህን ብላ» አሉት። ኳስ ቤት የተማረውን ስድብ የሚያስረሳው ትምህርት እንዲህ ካለው ቤት ስለሚገኝ፣ በየሰፈራችን ያሉትን እንዲህ ያሉ በሮች ክፍት አድርገን እናቆይ።