የተሰረዘው ካርድና ያልተሰረዘው ቲኬት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ነው። ዛሬ ግን ባለፈው ጥር ወር በቤተ ሰባችን ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ላወጋችሁ እወዳለሁ። በውጭ አገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ፥ ይዋል ይደር እንጂ፥ ይህን የመሰለ ጉዳይ ሳይገጥመው አይቀርምና።

እኔን እንደ እናት ሆነው ያሳደጉኝ ታላቅ እኅቴ የ67 ዓመት ሴት ናቸው። ልጃቸው ከባሏ ጋር በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ ትኖራለች። ወንድ ልጅ በተገላገለች በሳምንቱ፥ ሕፃኑ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አያቱ እንዲገኙ ተወሰነ። ቪዛው አስቀድሞ ተገኝቶ ነበርና ባልየው በክሬዲት ካርዱ በኢንተርኔት ቲኬቱን ገዝቶ ላከ። ጉዞው ከክርስትናው ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር፤ ስለዚህ ያ አይሮፕላን ቢያመልጥ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረንም።

በጉዞው ሌሊት ሸኚው እኔ ነበርኩ። አይሮፕላኑ የሚነሣው ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ሲሆን እኛ በ5 ሰዓት ደረስን። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባምና እኅቴን ከበሩ ላይ ተሰናብቼ፥ የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን መያዛቸውን እስክሰማ ድረስ በውጭ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፥ ቲኬቱ የተገዛበትን ካርድ ያሳዩ ይሉኛል። የምን ካርድ ነው?»

ወዲያው ወደ ስዊድን ደወልኩ። የእኅቴ ልጅ ባል ነገሩን ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። «ጋሼ፥ ያ ካርድ እኮ ዛሬ የለም። ቁጥሩን ሌቦች አግኝተው ሊገዙበት ስለ ሞከሩ ባንኩ ሰርዞት ሌላ ቁጥር ያለው አዲስ ካርድ ሰጠኝ። አሮጌውን ቆራርጬ ጣልሁት» አለኝ። ለምን እንዳልነገረን ብጠይቀው፥ ገንዘቡ የተከፈለ ስለ ሆነ እናንተን በከንቱ ላስጨንቅ አልወደድሁም ሲል መለሰ። ይህ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ገንዘብን የሚመለከት ክፉ ወሬ ለወላጅ አይነገርም፤ ወላጅም የሚሰማው በመጨረሻይቱ ሰዓት ነው።

ደግነቱ የአሮጌው ካርድ ፎቶግራፍ በስልኩ ውስጥ ነበረ፤ በፍጥነት ላከው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ወደ እኅቴ ደውዬ፥ «ፎቶግራፉን ያሳዩዋቸው፤ ስለ መሰረዙ ግን ምንም አይናገሩ» አልኳቸው።

«ቢጠይቁኝስ?»

«አይጠይቁዎትም።»

«ቢጠይቁኝስ አልኩህ!»

መልስ አጣሁ። «ለክርስትና ነው የምሄደው፤ ውሸት ይዤ አልሄድም» ብለው ስልኩን ዘጉት። በልጅነቴ በመቅደስ ያገለገልሁ፥ ዛሬም ለተማሪዎች እውነት ተናገሩ እያልሁ የማስተምር ሰው ነኝና፥ በዚያ ብርድ ላይ ቆሜ ፊቴ ጋለ።

እኅቴ እውነቱን ተናገሩ፤ ነገር ግን ያሳጠሩት መስሏቸው «ካርዱ ተሰርቋል» አሉ። ሠራተኛዪቱ ይህን ስትሰማ ደንግጣ አለቃዋን ጠራች። በእርሷ አልፈርድም። በካርድ የሚደረግ የሩቅ ግዢ ሻጩ ካርዱንም ባለቤቱንም ሳያይ የሚፈጸም ነው። ባለ ካርዱ ኋላ «ይህን እኔ አልገዛሁም» ብሎ ለባንኩ ቢያመለክት፥ በብዙ ካርዶች ደንብ እስከ 120 ቀን ድረስ ይህን ማድረግ ይችላልና፥ ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ መልሶ ሊወስድ ይችላል። መንገደኛው ግን በርሮ ሄዷል። በተሰረቀ ካርድ ቲኬት ገዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ወንበዴም በዓለም ሞልቷል። አንዳንድ አየር መንገዶች፥ በተለይም ከፋዩና ተጓዡ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፥ ካርዱን እንይ የሚሉት ስለዚህ ነው።

በመሠረቱ ግን ካርድ ስለ ተሰረዘ ቲኬት አይሰረዝም። ገንዘቡ በግዢው ጊዜ ተጠይቆ ተከፍሏል፤ ካርዱ ከዚያ በኋላ ቢሞት የተከፈለው እንደ ተከፈለ ይቀራል። የቀረው ጥያቄ የማስረጃ ብቻ ነው፤ ይኸውም የካርዱ ባለቤት በእርግጥ የገዛው ሰው ነው ወይ? ግዢውስ ከስርቆቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚል ነው። እኅቴ በአንዲት ቃል ያጨለሙት ይህን ሁለተኛውን ነበር።

(በ1942 ዓ.ም. በኒውዮርክ የዳይነርስ ክለብ ካርድ ሲጀመር ከወፍራም ወረቀት የተሠራ የምግብ ቤት ካርድ ነበር። የአየር መንገዶች ማኅበር ደግሞ ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የወረቀት ቲኬት ማደልን አስቀረ። ቀድሞ መንገደኛ ቲኬቱን በእጁ ይዞ ይሟገትበት ነበር፤ ዛሬ ቲኬቱ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ነው።)

አለቃው አስተዋይ ሰው ነበረና፥ ካርዱ ከሌለ ከባንኩ የተጻፈ ማስረጃ እንቀበላለን አለ። ይህ ካልተገኘ ግን አዲስ ቲኬት በሌላ ገንዘብ መግዛት፥ የአሮጌውንም ዋጋ ኋላ መጠየቅ ግድ ነበር፤ ያን ያህል ብር ደግሞ በዚያ ሌሊት ከየት ይመጣል? ባንኮኒው የሚዘጋው በ7 ሰዓት ነው። ልጁ በባንኩ የስልክ አገልግሎት ውስጥ ሲፈልግ፥ ባንኩ አዲሱን ካርድ ሲልክ የጻፈለትን ደብዳቤ አገኘ። በደብዳቤው ላይ ስሙ፥ የአሮጌው ካርድ መጨረሻ አራት ቁጥሮችና የተሰረዘበት ቀን ነበሩበት። የቲኬቱ ዋጋ ከመሰረዙ 9 ቀን ቀድሞ መከፈሉን የሚያሳየውን የሒሳብ መግለጫና የፓስፖርቱን ቅጂ ጨምሮ ሁሉንም ወደ እኅቴ ስልክ ሰደደ። እርሳቸው መክፈት ቢያቅታቸው ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ወጣት ከፈተላቸው። አለቃው አራቱን ቁጥሮች ከቲኬቱ መዝገብ ጋር አስተያየ፤ ቀኑንም ቈጠረ። ለ7 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እኅቴ ደውለው «ሻንጣዬን ወሰዱት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምረው፥ ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን ሊያልቅ ይችል እንደ ነበር ተረዳሁ። ካርዱ የተሰረዘ ዕለት ልጁ ለአየር መንገዱ ቢያስታውቅ፥ ወይም እኛ ከጉዞው ቀደም ብለን ወደ ከተማው ቢሮ ሄደን ማስረጃውን ብናስመዘግብ፥ በቂ ነበር። ቲኬት ስትቀበሉ ላኪውን «በማን ካርድ ተገዛ? ካርዱስ ዛሬም አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ነውር የለበትም። የካርድ ቅጂ መላክ ግድ ከሆነም የመካከለኞቹ ቁጥሮች ይሸፈኑ፥ በጀርባው ያሉት ሦስት የምስጢር ቁጥሮች ፈጽሞ አይታዩ። እኛ በድንጋጤ የካርዱን ፊትና ጀርባ ሳንሸፍን ነበር የላክነው፤ ካርዱ የሞተ መሆኑ ጠቀመን እንጂ ሌላ መዘዝ በመጣ ነበር። ጉዞው ተሰርዞ ገንዘብ የሚመለስ ሲሆንም ተመላሹ በአሮጌው ቁጥር ይሄዳል፤ የባንክ ሒሳቡ ካልተዘጋ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲሱ ያዛውረዋል፤ ከተዘጋ ግን ቀድሞ ባንኩን ማነጋገር ያሻል።

ሕፃኑ በቀኑ ክርስትና ተነሣ። እኅቴም ሁለት ወር ሰንብተው በሰላም ተመለሱ፤ ሲመለሱ ስለ ካርድ የጠየቃቸው ማንም አልነበረም። ልጁ ያን የባንክ ደብዳቤ ለመልሱ መንገድ በወረቀት አትሞ ሰጥቷቸው ነበርና፥ እስከ ዛሬ በመዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ፥ ከእንግዲህ ምን ይሠራልዎታል፥ ይጣሉት እንጂ ብላቸው፥ «የለም፥ ደግመህ ውሸት ስትመክረኝ አወጣልሃለሁ» አሉኝ።