ሻማና ዋት



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ብዙ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ እንደሚጽፉ ዐውቃለሁ፤ መጻፋቸውም የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን እንዲፈቀድልኝ የምለምነው ስለ አንድ ቃል ለመናገር ነው። ቃሉም «ሻማ» የሚለው ነው። ሰምና ክር ያለውን ሻማ ማለቴ ሳይሆን፣ በዲላ ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብተን «ባለ 60 ሻማ አምፑል ስጠኝ» ስንል የምንጠራውን ሻማ ማለቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው የቡና ወቅት ማብቂያ ላይ እናቴ ቡናዋን ሸጣ ስትመለስ ለማታ ጥናቴ ብላ አንድ አዲስ አምፑል ገዝታልኝ መጣች። በካርቶኑ ላይ በትልቅ ቍጥር «30 ዋት» የሚል ተጽፎበታል። ባለሱቁም «እትዬ፣ ይኸ 30 ሻማ ነው፤ ያውም ከአዲሶቹ ኤል ኢ ዲዎች፤ ቤት ሙሉ ያበራል» ብሎ እንደ ሸጠላት ነገረችኝ። ማታ ሰቅለን ብናበራው ግን በፊዚክስ መጽሐፌ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቍጥሮች ለይቼ ለማንበብ ከወንበሬ ብድግ ማለት አስፈለገኝ። እናቴ ደስ እንዲላት ብዬ «ጥሩ ነው» አልኳት። በማግሥቱ ለጥናት ወደ ጓደኛዬ ቤት ብሄድ 9 ዋት ብቻ የተጻፈበት አምፑል ክፍሉን እንደ ቀን አድርጎታል። ታዲያ 9 ከ30 የሚበልጠው በምን ሒሳብ ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ የፊዚክስ መምህራችን ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ሳቅ ብለው «ላሚቱ የበላችውን ሣር እየቈጠርክ ወተቷን ትለካለህን?» አሉኝ። ዋት አምፑሉ ከኤሌክትሪኩ መስመር የሚበላው ኀይል ነው። አምፑሉ ለእኛ የሚሰጠው ብርሃን የሚለካው ግን በሉመን ነው። እንግዲህ በየሱቁ ስንጠይቅ የኖርነው የሣሩን መጠን ኖሯል።

ሆኖም አባቶቻችን ዋትን ሻማ ብለው መጥራታቸው ከባድ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። ይህንንም በሒሳብ ላስረዳ። የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ካንዴላ ይባላል፤ ትርጕሙም በላቲን ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ አገር የየራሱ መለኪያ ነበረው፤ እንግሊዞች ከዓሣ ነባሪ ስብ በተሠራ ሻማ፣ ጀርመኖችም ሄፍነር በሚባል መብራት ይለኩ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948 የክብደትና የልክ ጠቅላላ ጉባኤ ካንዴላን ለዓለም ሁሉ አንድ መለኪያ አደረገው፤ በ1979 ደግሞ ትርጓሜውን ዛሬ ወደሚሠራበት መንገድ አሻሻለው። አንድ ካንዴላ ጥንካሬ ያለው ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢፈስ በጠቅላላው 12.57 ሉመን ይሆናል። በእኛ አገር 220 ቮልት የሚሠራው የጥንቱ ባለ ክር 60 ዋት አምፑል የሚሰጠው ብርሃን ወደ 700 ሉመን ይጠጋል። 700ን ለ12.57 ብናካፍለው 56 ገደማ ይመጣል። እነሆ፣ 60 ዋት ያለው አምፑል 60 ሻማ ለመሆን የጐደለው ጥቂት ብቻ ነበር!

ስለዚህ ሁሉም አምፑል ባለ ክር በነበረበት ዘመን ቃሉ ማንንም አልጐዳም። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ደኅና ሆኖ የተሠራ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ከ60 ሻማ በላይ ነው። ባለሱቁ ግን «9 ሻማ» ብሎ ይጠራዋል፤ ገዢውም 9 ሲሰማ ይንቀዋል፤ በካርቶኑ ላይ 30 ወደ ተጻፈበት እጁን ይዘረጋል። የእናቴም ገንዘብ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

እኔም በአምፑሉ ላይ ከመፍረዴ በፊት ልመዝነው ፈለግሁ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ቡንዘን የተባለው የጀርመን የኬሚስትሪ ሊቅ ስሙ የሚነሣበት ዘዴ ነው። በነጭ ወረቀት መካከል አንዲት ጠብታ ዘይት አፈሰስኩ። ወረቀቱን በአንድ ሻማና በአምፑሉ መካከል አቆምኩት። ከምናይበት ወገን ያለው ብርሃን ሲበረታ የዘይቱ ነጥብ ጠቍሮ ይታያል፤ ከማዶ ያለው ሲበረታ ነጥቡ ያበራል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ነጥቡ ሊጠፋ ይቃረባል። ሌሊት መስኮት ዘግቼ፣ ታናሽ እኅቴ ሜትሩን ይዛልኝ፣ ሻማውን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ የገዛችው አምፑል ከሻማው ጋር የተካከለው በ1 ሜትር ከ20 ላይ ነው። ርቀቱ 4 እጥፍ ስለሆነ፣ ብርሃንም በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ፣ አምፑሉ 16 ሻማ ሆነ ማለት ነው። የጓደኛዬን 9 ዋት አምፑል ተውሼ ስሞክረው 2 ሜትር ከ70 ላይ ተካከለ፤ ርቀቱ 9 እጥፍ ነውና 81 ሻማ።

ልኬቱ ፍጹም ነው አልልም። የሻማው ብርሃን ብጫ፣ የአምፑሉ ነጭ በመሆኑ ነጥቡ ጨርሶ አይጠፋም፤ መካከሉን በግምት ነው የያዝኩት። እንዲሁም የዚህ ዓይነት አምፑል ብርሃኑን ወደ ፊት አብዝቶ ስለሚወረውር፣ በጐንና በኋላው ቢለካ ከ81 ያንሳል። የገዛሁትም ሻማ ልክ 1 ካንዴላ ነው ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን ሁለት አምፑሎችን ለማወዳደር ያው አንዱ ሻማ ይበቃል። ባለ 30 ተብዬው የባለ 9ኙ አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር።

ከአምፑል ወጥቼ ወደ ስልክ ልግባ፤ እዚህም መለኪያ ባለማወቅ የምናጠፋው ገንዘብ ቀላል አይደለምና። አጎቴ በይርጋ ጨፌ በኩል ቡና ያደርቃል። ቀትር ላይ በማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆሞ የዋጋ መልእክት ሲመጣለት ስልኩ ጭልም ስለሚልበት «ይኸ ስልክ ተበላሽቷል፤ ሌላ እገዛለሁ» ይል ነበር። የስልክ ገጽ ብሩህነት የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ካንዴላ እንደሚወጣው ነው፤ ይህም በአጭሩ ኒት ይባላል። መካከለኛ ስልክ 500 ኒት ያህል ይሰጣል። የቀትር ፀሐይ ደግሞ በአንድ ነገር ላይ እስከ 100,000 ሉክስ ታፈስሳለች፤ ሉክስ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ሉመን ነው። በዚህ ፀሐይ የተመታ ነጭ ወረቀት ራሱ ወደ 25,000 ኒት ያበራል። ዐይኑ በዚያ የለመደ ሰው 500 ኒት ጨለማ ቢመስለው አይደንቅም። በመስታወቱ ላይ የሚንጸባረቀውም ሰማይ ጥቁሩን ፊደል ግራጫ ያደርግበታል።

ምክሬ አጭር ነበር፤ «አጎቴ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ገብተህ እየው።» ገብቶ አየና «ድኗል!» አለ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር፣ ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፍ ሥር አብረው የሚበቅሉበት ነው፤ ጥላ እንደሆነ በእኛ ዘንድ አይጠፋም። ያንኑ 500 ኒት ሌሊት በጨለማ ክፍል ብንከፍተው ደግሞ ዐይን ይወጋል። ቍጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። ስለዚህ የስልክ ነጋዴ «ይኸኛው ብዙ ሺሕ ኒት አለው» ሲለን፣ ያ ቍጥር ብዙ ጊዜ በገጹ ትንሽ ክፍል ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚታይ መሆኑን ማወቅ ይገባናል። ደግሞም 1,000 ኒት ለዐይናችን የ500 እጥፍ ሆኖ አይታይም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሕዝቡ የለመደውን ቃል ለምን ትነካለህ? ሻማ ሲባል ሁሉም ይግባባል» ይሉኛል። መግባባቱስ እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ! ሻጩ ስለ ዋት ይናገራል፣ ገዢው ስለ ብርሃን ይሰማል፤ ይህ መግባባት አይመስለኝም። ቃሉ ይጥፋም አላልኩም። ሻማ ውብ ቃል ነው፤ ካንዴላ ከሚለው ጋር ትርጕሙ አንድ ነው። እኔ የምለው ለብርሃን ይመለስ፣ ዋትም በራሱ ስም ይጠራ ነው። ነጋዴዎችም በመደርደሪያቸው ላይ ከዋጋው አጠገብ ሉመኑን ቢጽፉልን ጥቂት ቀለም እንጂ ሌላ ወጪ የለባቸውም።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች የጨዋታ ጕዳይ አይደለም። ዲላ ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ክረምት ሆነ በጋ፣ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲሆን ይጨልማል፤ ፈተና የምናጠናው ሁሌም በመብራት ነው። መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ያሉ ጓደኞቻችን ደግሞ በኩራዝ ወይም በፀሐይ በሚሞላ ፋኖስ ያጠናሉ። ለእነርሱ የፋኖሱ ካርቶን ላይ ያለው ሐሰተኛ ቍጥር ከእኔ ይልቅ ይከብዳቸዋል፤ መብራት ተውሰው የሚያወዳድሩበት ጎረቤት ላይኖር ይችላልና።

ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት እናቴን ይዤ ወደ ገበያ ተመለስን። እኔ ዝም እንድል አስጠንቅቃኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ገብታ «ስንት ሉመን ነው?» ብላ ጠየቀች። ባለሱቁ ሳቀ፤ «እትዬ፣ ደግሞ ይኸ ምንድን ነው?» አላት። እርሷ ግን አልሳቀችም። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ሲያይ በሦስተኛው ጐን ላይ፣ በትንሹ ተጽፎ፣ 806 የሚል ቍጥር አገኘ። እርሱም ራሱ ገርሞት ሌሎቹን ማገላበጥ ቀጠለ። እናቴ ገንዘቧን ከፍላ ስትወጣ፣ በመንገድ ላይ «እንግዲህ ይኸ ስንት ሻማ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «64» አልኳት።