በጓዳ ስለሚቀመጥ ዘር

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የሚኖር ሰው የውርስ ዝርዝር መጻፍ የዘወትር ተግባሩ ነው። ወንድማማቾች መሬቱን በገመድ፥ በሬውን በቍጥር፥ ባሕር ዛፉን በግንድ ይካፈላሉ፤ እናታቸው በጓዳ ለይታ ያኖረችው የዳጉሳና የጤፍ ዘር ግን እኔ በጻፍሁት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ሲጠራ አላየሁም። እንዲያውም ለተዝካር ሲፈጭ ይታያል። በሬ በገንዘብ ይገዛል፤ ለዚያ መሬት የተስማማው ዘር ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በገበያ አይገኝምና ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

እህል ሁሉ አስቀድሞ የዱር ሣር ወይም የዱር ቅጠል ነበረ። የዱር ሣር ፍሬው በበሰለ ጊዜ ከራሱ እየረገፈ በምድር ይበተናል፤ ይህም ለሣሩ መባዣው ነው፥ ለአጫጁ ግን ጉዳት ነው። ከብዙው መካከል ግን በተፈጥሮ ለውጥ ፍሬው ቶሎ የማይረግፍ አንዳንድ ይገኛል። የጥንት ሰዎች ሲያጭዱ የረገፈው በሜዳ እየቀረ ያልረገፈው ወደ ቤት ገባ፤ ለከርሞም የተዘራው ከቤት የገባው ነው። ደግሞ የዱር ዘር በአንድ ዝናብ ሁሉም አይበቅልም፤ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። የእርሻ ዘር ግን በተዘራ በጥቂት ቀን በአንድነት ይበቅላል፤ የዘገየው ከአጨዳ እየቀረ ዘሩ ተቋርጧልና። እንግዲህ ሣሩን እህል ያደረገው የአጫጁ እጅና የጓዳይቱ ባለቤት ዓይን መሆኑን ልብ ይሏል።

ጤፍ በአገራችን እንዲህ ለምዶ ለዓለም የተገኘ እህል ነው፤ የቅርብ ዘመዱም ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የሚባለው የዱር ሣር ነው። ኑግም የእኛው ነው፤ ዳጉሳ ደግሞ ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ደጋ የለመደ ነው። በቆሎ ግን ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ በርበሬም እንደዚሁ (ይህን በመጻፌ ወጥ ሠሪዎች አይቈጡኝ)።

በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. መስኮባዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ አገራችን መጥቶ፥ ከራስ ተፈሪ ጋራ ተነጋግሮ፥ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። የዘሩን ዓይነት ብዛት አይቶ ኢትዮጵያን በዓለም የእህል መገኛ ከሆኑት አገሮች አንዲቱ አድርጎ ቈጠራት። ይህ ሊቅ በገዛ አገሩ መንግሥት ታስሮ በ1943 በወህኒ ቤት ሞተ፤ የሰበሰበው ዘር ግን ተረፈ። ሌኒንግራድ በጠላት በተከበበች ጊዜ ዘሩን የሚጠብቁት ሠራተኞች ከፊሎቹ በረኃብ ሲሞቱ ከእጃቸው ያለውን እህል አልበሉትም። በ1984 ድርቅ ዘሩን የበላ ገበሬ ስንት እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ልጁ የሚራብበትን አባት ግን ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ነው ዘር ከአንድ ጓዳ ሌላ ማስቀመጫ የሚያስፈልገው። በአዲስ አበባ የዘር ማኖሪያ በ1976 ተቋቋመ፤ በኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እርሻ እየተዘራ እንዲጠበቅ ስለ ደከሙ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ተሰጣቸው።

የእኛ ዘር ለሌላውም ተርፏል። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የካሊፎርንያን እርሻ ባስጨነቀ ጊዜ በሽታውን የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

አዲስ ዘር አይግባ ማለቴ አይደለም። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ቍንጮ የተባለው ጤፍ፥ ፍሬው የበዛውን ዱከምን ነጭ ከሆነው ከማኛ ጋራ በማዳቀል የተገኘ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነና ለአጭር ጊዜ በማለዳ ብቻ ስለሚከፈት ቀድሞ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር፤ መንገዱን በ1970ዎቹ ያገኙት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የቍንጮን ዘር ከራስ እርሻ አስቀርቶ መዝራት ይቻላል። የተዳቀለ በቆሎ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከርሱ የተለቀመው ፍሬ በሁለተኛው ዓመት የተለያየ ሆኖ ይበቅላል፥ ምርቱም ይቀንሳልና በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። እንግዲህ አባወራው ለአዲሱ በቆሎ ሲል የድሮውን ዘር እንዳያስፈጭ እመቤቲቱ ብትከራከረው የምፈርደው ለእርስዋ ነው፤ ዘሩን የምትዘራበት ጥቂት መደብም ይተውላት። ኑግ ደግሞ ንብ እያመላለሰችው ከጎረቤት ኑግ ጋራ ስለሚዳቀል፥ ለዘር የሚሆነው ከእርሻው መካከል እንጂ ከዳር ባይወሰድ ይሻላል።

በዘንዘልማ ዓባይን ተሻግሮ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ቤት አለ፤ በዚያ የሚማሩት ልጆቻችን ይህን ነገር ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። በዕረፍት ወደ ቤት ሲመጡ አያታቸውን ስለ ዘሩ ስም፥ ስለሚስማማው አፈር፥ ስለሚደርስበት ወር ጠይቀው ቢጽፉ መልካም ነው፤ አያትም ሁልጊዜ አትገኝም።

ለዘር የሚሆነው ገና ሳይታጨድ ጤናማው ራስ ተመርጦ፥ ከሚበላው ተለይቶ ይወቃ። በጥርስ ሲነክሱት ኳ እስኪል ድረስ ይድረቅና አፉ በሚገባ በሚከደን እንስራ ይቀመጥ። ከመዝራት ሁለት ሳምንት አስቀድሞ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፥ ጨርቁም እንዳይደርቅ ውኃ ማርከፍከፍ ነው። ከሳምንት በኋላ 90 ያህል ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው፤ 50 ብቻ ከሆነ ግን ጊዜ ሳለ ከጎረቤት መለወጥ ያስፈልጋል።