የማኅበሩ መኪና የሞተር ውሃም ማጣሪያ ያሻዋል

ከአንበሳሜ ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር የሚገባ የጭነት መኪና በደራ ወረዳ ገበሬ ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስገባል፤ መኸሩ ሲሰበሰብ ደግሞ እህሉን፣ ሩዙንና ሽንኩርቱን ለገበያ ያወጣል። መኪናው የማኅበር ንብረት ሲሆን የብዙ አባላት ላብ የፈሰሰበት ነው። እንዲህ ያለው መኪና በሥራ ወቅት ሞተሩ ነድዶ መንገድ ዳር ሲቆም ጉዳቱ በሾፌሩ ላይ ብቻ አይወድቅም። ማዳበሪያው ከዘር ወቅት ይዘገያል፤ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፤ ለአባላት ሊከፋፈል የሚገባው ትርፍም ለጋራዥ ተከፍሎ ይቀራል።

ስለ ሞተር አያያዝ በተነሣ ቁጥር ስለ ዘይትና ስለ ናፍጣ ብዙ ይባላል። ዘይቱ ፊልትሮ አለው፤ ናፍጣውም ፊልትሮ አለው፤ ሞተሩ የሚስበው አየርም እንዲሁ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ግን በብዙዎቹ መኪኖቻችን ላይ ያለ ማጣሪያ ይዘዋወራል። ታዲያ በናፍጣ መኪና ላይ የውሃ ፊልትሮ ማስጨመር ለማኅበራት ይበጃል ወይስ አይበጅም? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ይበጃል የሚል ነው። ይሁንና ፊልትሮው በተራው እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑን አብሮ መገንዘብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ውሃው ውስጥ የሚገኘው ቆሻሻ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ሲዞር ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል። በዚህ ጉዞው ብረት ያዝጋል፤ ዝገቱም እየተፈረፈረ አብሮ ይዞራል። ሞተሩ በፋብሪካ ሲቀለጥና ሲቀረጽ በጉድጓዶቹ የቀረ ደቃቅ አሸዋም ይኖራል። ያረጀ ጎማ ይላጣል። ከሁሉ የከፋው ግን እኛው በእጃችን የምንጨምረው ነው። ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ውሃ ሲጎድልበት ጀሪካኑን ይዞ ወደ ቅርብ ወንዝ ይወርዳል። ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል የደራና የፎገራ ገበሬ ያውቀዋል፤ ደለሉን ተሸክሞ ሜዳውን ያለብሳል፤ የመስኖ ቦይንም ይደፍናል። ሰፊውን ቦይ የሚደፍን ደለል ከስንደዶ እምብዛም የማይሰፋውን የራዲያተር ቱቦ ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም።

በአካባቢያችን ከፍታ የተነሣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሚሆን ክፍት ዕቃ ላይ የተጣደ ውሃ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተሩ በግማሽ የተደፈነና ክዳኑ ግፊት የማይዝ መኪና ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ቶሎ የሚፈላው ስለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር መኪና ሞተር ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ዘይቱ ወተት የፈሰሰበት ቡና መስሎ ነበር። ሜካኒኩ የሲሊንደሩን ላይነር አውጥቶ ጀርባውን ሲያሳየን በአንድ ወገኑ ነቀዝ የበላው ባቄላ ይመስላል፤ ከጉድጓዶቹም ሁለቱ ወደ ውስጥ ዘልቀዋል። ሾፌሩ ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር ታታሪ ሰው ነበር። ስለ ውሃው ግን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ከማኅበሩ መዝገብም ስለ ውሃ የተጻፈ አንድ መስመር አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ሞተሮች ላይነራቸው በቀጥታ ከውሃ ጋር ይገናኛል፤ ይህ እርጥብ ላይነር ይባላል። ፒስተኑ ግድግዳውን እየመታ በወጣና በወረደ ቁጥር ላይነሩ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ ጊዜ በጀርባው ባለው ውሃ ጥቃቅን አረፋዎች ተፈጥረው ወዲያው ይፈነዳሉ። የያንዳንዱ አረፋ ኃይል ትንሽ ቢሆንም ሳያቋርጡ ሲደጋገሙ ብረቱን ይቦረቡራሉ። ይህን የሚከላከለው በውሃው ውስጥ የሚገባው ፀረ-ዝገት ኬሚካል ነው፤ በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል። በአገራችን እርሻ ብዙ ያገለገለው ኤም.ቲ.ዜድ 80 ቤላሩስ ትራክተር እርጥብ ላይነር ያለው ነው። እንደ ኢሱዙ ኤን.ፒ.አር. ያሉ መካከለኛ የጭነት መኪኖች ሞተሮች ግን በአብዛኛው ደረቅ ላይነር ያላቸው ስለሆኑ የመቦርቦሩ አደጋ ያንሳቸዋል። የዝገትና የደለል አደጋ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜካኒኩን፣ «የኛ ሞተር ላይነሩ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?» ብሎ መጠየቅ የኮሚቴው ግዴታ ነው።

የውሃ ፊልትሮው አሠራር ከባድ አይደለም። እንደ ዘይት ፊልትሮ በእጅ የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ሲሆን የሚቀመጠው በዋናው የውሃ መንገድ ላይ ሳይሆን በጎን ነው። ከፓምፑ ግፊት በኩል በቀጭን ጎማ ጥቂት ውሃ ይወስዳል፤ አጣርቶም ወደ ፓምፑ መሳቢያ ይመልሳል። ውሃው ደጋግሞ ስለሚዞር ጥቂት በጥቂት ሁሉም ይጣራል። ፊልትሮው ቢደፈን እንኳ ዋናው መንገድ ክፍት ስለሆነ ሞተሩ ውሃ አያጣም። አንዳንድ ሰዎች ወጪ ለመቆጠብ ብለው በላይኛው የራዲያተር ጎማ ውስጥ ካልሲ ወይም ወንፊት ያስገባሉ። ይህ ዋናውን መንገድ መዝጋት ስለሆነ የተደፈነ ዕለት ሞተሩን ያነድዳል፤ ሊከለከል ይገባዋል።

ሲተከልም ጥንቃቄ ያሻል። ከፊልትሮው ግራና ቀኝ መዝጊያ ቧንቧ ካልተደረገ ፊልትሮውን ለመቀየር ውሃውን ሁሉ ማፍሰስ ግድ ይሆናል። ማቀፊያው ከጠንካራ ብረት ጋር ካልታሰረ ጠጠር መንገድ ያላቅቀዋል፤ ጎማው የተቆረጠ እንደሆነም ለመጠበቂያ የተተከለው ዕቃ ራሱ ውሃውን አፍስሶ ሞተር ያቃጥላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፊልትሮው በእጅ ሲዳሰስ ከሞቀ ውሃ ይዞርበታል ማለት ነው፤ ከቀዘቀዘ ግን ተደፍኗል ወይም መዝጊያው አልተከፈተም።

በገበያ ላይ ኬሚካል ያለውና የሌለው ፊልትሮ መኖሩም መታወቅ አለበት። ኬሚካል ያለው በውሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ መጠኑም ከውሃው ልክ ጋር የተመዛዘነ መሆን አለበት። ነገሩ ከማዳበሪያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲያንስ አይጠቅምም፤ ሲበዛም ይጎዳል። የበዛ ኬሚካል ዝቃጭ ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ተብሎ የተዘጋጀ ኩላንት ላለበት መኪና ኬሚካል የሌለው ይስማማዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «እዚህ አገር ውሃ አይረጋም፤ ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» የሚል ነው። ውሃ በሞተር ውስጥ አለመርጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኩላንት ዝገት ይከላከላል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል። ሁለቱም በአንበሳሜ መንገድ የሚፈለጉ ናቸው። ሁለተኛው «ፋብሪካው ያላደረገውን እኛ ለምን እንጨምራለን?» የሚል ነው። ይህ ሚዛን ያለው ጥያቄ ነው። ዋስትናው ያላለቀ አዲስ መኪና ከሆነ ሻጩን ሳይጠይቁ መንካት አይገባም። ንጹሕ ኩላንት በጊዜው የሚቀየርለትና ደረቅ ላይነር ያለው መኪናም ያለ ፊልትሮ ረጅም ዕድሜ ሊያገለግል ይችላል። ያረጀ፣ በወንዝ ውሃ የኖረ ወይም እርጥብ ላይነር ያለው መኪና ግን ፊልትሮው ይክሰዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «አዲስ ነገር ነው፤ አላየነውም» የሚል ነው። በዚህ አካባቢ ግን አዲስ ነገርን ሞክሮ መልመድ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ሩዝ ወደ ሜዳው ሲገባ ቀድመው የሞከሩት በደራ የጅግና፣ በፎገራ የሻጋ አምራች ገበሬዎች ማኅበራት ነበሩ። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ዛሬ በሩዝ የሚታወቅ ያደረገው የዚያ ጅምር ነው። ፊልትሮውንም በአንድ መኪና ላይ ተክሎ፣ ከወራት በኋላ ቆርቆሮውን ቀድዶ በአባላት ፊት የተጠራቀመውን ዝቃጭ ማየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ሥራውን በቅደም ተከተል ሊይዙት ይገባል። በመጀመሪያ የወንዝ ውሃ በራዲያተር እንዳይጨመር በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን። ቀጥሎ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ያለው ውሃ ይፍሰስ፤ ራዲያተሩና ሞተሩ ይታጠቡ፤ ክዳኑና ቴርሞስታቱም ይመርመሩ። ከዚያ ኩላንትና ንጹሕ ውሃ በፋብሪካው ትእዛዝ ተመጥኖ፣ ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል፣ ይሞላ። ዲስቲልድ ውሃ ካልተገኘ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበው በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ኖራ ስለሌለበት ከወንዝ ውሃ እጅግ ይሻላል። በዚሁ የተደባለቀ አንድ ጀሪካን ምንጊዜም ከመኪናው አይለይ። ፊልትሮው የሚተከለው ከዚህ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ከእጥበት የተረፈውን ዝገት ስለሚለቅም ቶሎ መቀየር ይኖርበታል። የተጨመረው ውሃ ልክና ፊልትሮው የተቀየረበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ ተቆጣጣሪ ኮሚቴውም ገንዘቡን እንደሚቆጣጠር ይህንንም ይመርምር። ውሃ ደጋግሞ የሚጎድልበት መኪና ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር እየነገረን ነውና ዝም ተብሎ አይሞላ።

ማጣሪያ ደፍራሽ ጉማራን ምንጭ አያደርግም። ሥራውን በሚገባ የሚሠራው የሚጨመረው ውሃ ንጹሕ ሲሆንና ኃላፊው ሲታወቅ ነው። የሞተር ማደሻ ዋጋ ከአባላት ኪስ የሚወጣ ስለሆነ መሪዎች ማዳበሪያ መጫን ከመጀመሩ በፊት ዛሬውኑ የራዲያተሩን ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ይመልከቱት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።