ለሕፃኗ ማን ይናገርላት?

ችሎት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ዐቃቤ ሕጉ ለመንግሥት ይናገራል፤ ጠበቃው ለከፈለው ይናገራል፤ ዳኛው ሁሉንም ያዳምጣል። ተደብድባና ተርባ እዚያ የቆመችው ሕፃንስ? የእሷን ነገር የሚናገር ማነው?

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ለሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤት ስመላለስ ዐሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ አይ ነበር። "ትማሪያለሽ" ተብላ ከገጠር መጥታ በደብተር ፈንታ የሰው ልጅ ያዘሏት ናት። አሳዳሪዋ በድብደባ ተከሳለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጎረቤቷ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴትዮ ብቻ ነች። አንድ ቀን ሴትዮዋ ብድግ ብላ "ጌታዬ፣ ልጅቷ አሁንም የምታድረው እዚያው ቤት እኮ ነው" አለች።

"ምስክር ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ!"

ቁጭ አለች። መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ልጅቷም ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ዳኛው ክፉ ናቸው አልልም። ለእንዲህ ያለች ሴት ቦታ ያላበጀው ሥርዓቱ ነው።

በአሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ ዴቪድ ሱካፕ የሚባሉ ዳኛ በቂ ነገር ሳያውቁ የልጆችን ዕጣ መወሰናቸው እንቅልፍ ነሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተራ ሰዎችን በበጎ ፈቃድ ወደ ችሎቱ አመጡ። አሠራሩ ዛሬ በመላው አገሪቱ ተዛምቷል። የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም። ሰውየው የኋላ ታሪኩ ይጣራል፣ 30 ሰዓት ያህል ይሠለጥናል፣ ዳኛ ፊት ይምላል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ይሰጠዋል። ልጁን ካለበት ሄዶ ያያል፤ አስተማሪውን፣ ሐኪሙን፣ ዘመዱን ያነጋግራል፤ ያየውን ጽፎ ለዳኛው ያቀርባል። እርግጥ እዚያ ይህ ሰው የሚቆመው "ልጁ የት ይኑር?" በሚለው ጉዳይ እንጂ በወንጀል ክርክሩ አይደለም። የኛዋም ልጅ ያጣችው ይህንኑ ነው፤ የት ትደር ብሎ የሚጠይቅ!

ሕግማ ሞልቶናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ ለሚያንገላታና ለሚደበድብ የደነገገው፣ ከባድ ጉዳት ካልደረሰ በስተቀር፣ ከ3 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። 3 ወር! በአዲስ አበባ ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው በቴሌቪዥን ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት መቋቋሙን አልክድም፤ ደግ ነው። ግን ቃሏን ሰጥታ ስትወጣ ማን ይከተላታል?

"በጀት የለም" የሚሉን ባለሥልጣናት ይህ ሥራ ደመወዝ እንደሌለው ይወቁት። "ባለሙያ ያልሆነ ሰው ችሎት ይረብሻል" ለሚሉትም፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት ሽማግሎች ሕግ የተማሩት የት ነው? በጎ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ወደ ልጅ የሚጠጋ ሁሉ በጎ ስላልሆነ በደንብ ይጣራ። ደግሞ አደራ፣ ሥራውን ለወረዳ ካድሬ እንዳትሰጡት!

ሴትዮዋን በቀደም አገኘኋትና "ለቀጠሮው ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"ታዲያ ማን ይሂድላት?" አለችኝ። የዚያን ቀን እንጀራ እህቷ ትጋግራለች።